የፊት አሞርዛተር በቤት ሲቀየር

ገበሬ የእርሻ ዕቃውን ራሱ ያበጃል። ድግሩ ቢሰበር ጠርቦ ይተካል። ቀንበሩ ቢሰነጠቅ ሌላ እንጨት ይፈልጋል። ማረሻው ሲዶለዱም ግን ራሱ አይቀጠቅጠውም፤ ወደ ቀጥቃጭ ይወስደዋል። እሳቱም መዶሻውም ያለው ቀጥቃጩ ዘንድ ነው። እንግዲህ ጥሩ ገበሬ ሁለት ነገር ያውቃል። አንደኛ፣ ራሱ የሚሠራውን ያውቃል። ሁለተኛ፣ ለባለሙያ የሚሰጠውን ያውቃል።

መኪናም እንደዚሁ ነው። ዛሬ ብዙ የገበሬ ልጆች ሹፌርና መካኒክ ሆነዋል፤ የራሳቸው መኪና ያላቸውም አሉ። ገበሬው ራሱም ወደ ሩቅ ገበያ ወይም ወደ ሐኪም ቤት የሚሄደው በመኪና ነው። ስለዚህ የመኪና ነገር የከተሜ ብቻ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ስለ አንድ የመኪና ዕቃ እንማራለን። ስሙ አሞርዛተር ይባላል። ምን እንደሚሠራ፣ ሲያረጅ ምን ጉዳት እንደሚያመጣ፣ እንዴት እንደሚቀየርም እንመለከታለን። ነገሩ እንዲገባን አንድ አባትና ልጅ እንበልና በእነሱ ምሳሌ እንሂድ።

አባት ልጃቸውን ሊጠይቁ መጡ

ልጁ የሚኖረው ኮልፌ ቀራንዮ ነው። ኮልፌ ቀራንዮ ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች አንዱ ሲሆን የሚገኘው በከተማዋ ምዕራብ በኩል ነው። በአየር ጤና አድርጎ ወደ ሰበታና ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ በዚያ ያልፋል። አገሩ ዳገትና ቁልቁለት አለው። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች አስፋልት ናቸው። በየሰፈሩ ውስጥ ግን የድንጋይ ንጣፍ አለ፤ ኮረኮንችም አለ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል፤ መንገዱም ይቦረቦራል። እንዲህ ያለ መንገድ መኪና ይጎዳል።

አባትየው ከሰበታ ማዶ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ማንበብና መጻፍ የተማሩት በቅርቡ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። መስከረም ላይ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጡ። ልጁም በአሮጌ ኮሮላው አየር ጤና ድረስ ሄዶ ተቀበላቸው።

ወደ ቤት ሲሄዱ መኪናዋ ልጓም እንዳልለመደች በቅሎ ትዘል ጀመር። አንድ ጉድጓድ ካለፈች በኋላ ሦስት አራት ጊዜ ከፍ ዝቅ ትላለች። በዚህ መሐል አንድ ሕፃን ኳሱን ተከትሎ መንገድ ውስጥ ገባ። ልጁ ፍሬን ያዘ። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ መሬት ደፋች፤ የፊት ጎማዎቿ ነጠሩ፤ እንደምንም ቆመች። በሕፃኑና በመኪናዋ መካከል የቀረው አንድ ክንድ ያህል ብቻ ነበር።

አባትየው ደነገጡ። «ልጄ፣ ፍሬኗ አይሠራም እንዴ?» አሉ።

«ፍሬኗስ ደህና ነው አባባ። ያረጀው አሞርዛተሯ ነው። ሳልቀይረው ስድስት ወር ሆነኝ» አለ ልጁ።

«ስድስት ወር ሙሉ እያወቅህ?»

ልጁ መልስ አልነበረውም።

አሞርዛተር ምንድነው?

በመኪናው አካልና በጎማው መካከል ሞላ አለ። ሞላ ማለት የተጠቀለለ ወፍራም ብረት ነው። ጎማው ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሞላው ይጨመቃል። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ይዘረጋል። ስለዚህ ተሳፋሪው ብዙ አይንገጫገጭም። የጭነት መኪና ግን ብዙውን ጊዜ በሞላ ፈንታ ባሌስትራ አለው። ባሌስትራ በላይ በላዩ የተደራረበ ጎበጥ ያለ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ከጭነት መኪና ሥር ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ያውቀዋል።

ሞላ ብቻውን ግን አይበቃም። እርጥብ ቅርንጫፍ ወደ መሬት ጎትታችሁ ልቀቁት። ወዲያው አይቆምም፤ ብዙ ጊዜ ይወዛወዛል። ሞላም እንደዚሁ ነው። አንድ ጊዜ ከተጨመቀ በኋላ ወደ ላይና ወደ ታች መወዛወዙን ይቀጥላል። ይህን መወዛወዝ የሚያቆመው አሞርዛተር ነው።

አሞርዛተር ዘይት ያለበት የብረት ቱቦ ነው። በውስጡ ዘንግ ይወጣል፤ ይገባል። በዘንጉ ጫፍ ላይ ጠባብ ቀዳዳዎች ያሉት ክዳን አለ። ዘንጉ ሲንቀሳቀስ ዘይቱ በእነዚህ ቀዳዳዎች ተጨንቆ ያልፋል። እጃችሁን ወንዝ ውስጥ ከትታችሁ ቀስ ብላችሁ ብታንቀሳቅሱት ውሃው መንገድ ይሰጣችኋል። በኃይል ብትገፉት ግን ውሃው ይቋቋማችኋል። በአሞርዛተር ውስጥ ያለው ዘይትም የሚሠራው እንዲሁ ነው። የሞላውን ጥድፊያ ይይዘዋል። የመወዛወዙም ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል።

በብዙዎቹ የድሮ መኪናዎች ሞላውና አሞርዛተሩ ለየብቻ ነበሩ። ማክፈርሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሁለቱን አንድ ላይ አደረጋቸው። አሞርዛተሩን በሞላው መካከል አቆመው። የፎርድ ኩባንያ እንዲህ የተሠሩ መኪናዎችን በ1943 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950) በእንግሊዝ አገር ለሕዝብ አሳየ። የጃፓኑ ኮሮላም በ1959 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1966) ሲወጣ ከፊት በኩል የተሠራው በዚሁ መንገድ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ትንሽ የቤት መኪና ከፊት እንዲህ ነው።

አሞርዛተር፣ ሞላ፣ ባሌስትራ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የጋራዥ ቋንቋችን ብዙው ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። ከዚህ በታች ሦስት ሌሎች ቃላት እናገኛለን። ክሪክ መኪና ማንሻ ነው። ብሎን ጥርስ ያለው ማሠሪያ ብረት ነው። ዳዶ ደግሞ በብሎኑ ጫፍ ላይ እየዞረ የሚጠብቀው ቀለበት ነው።

ማርጀቱ በምን ይታወቃል?

አሞርዛተር ሲያረጅ ዘይቱ ይፈሳል፤ ወይም የውስጡ ክዳን ይላላል። ምልክቶቹ የሚከተሉት ናቸው፦

1. ፍሬን ሲያዝ የመኪናው አፍንጫ ከልክ በላይ ደፋ ይላል።
2. ጉድጓድ ካለፈ በኋላ መኪናው ደጋግሞ ከፍ ዝቅ ይላል።
3. መታጠፊያ ላይ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።
4. የአሞርዛተሩ ቱቦ በዘይት ይርሳል፤ አቧራም ይለጠፍበታል።
5. ጎማው እኩል አያልቅም፤ እዚህም እዚያም ይጎደጉዳል።
6. ከፊት በኩል ቋ ቋ የሚል ድምፅ ይሰማል።

አንድ ቀላል መፈተኛም አለ። የቆመ መኪናን የፊት ጥግ በሁለት እጅ በኃይል ወደ ታች ገፍቶ መልቀቅ ነው። ደህና ከሆነ ከፍ ብሎ ይረጋል። ካረጀ ሁለት ሦስት ጊዜ ይወዛወዛል። ይህ መፈተኛ ግን ሁሉንም አያሳይም። ስለዚህ ሌሎቹንም ምልክቶች መመልከት ያስፈልጋል።

ለመሆኑ ትንሽ መወዛወዝ ምን ይጎዳል? ጎማ መኪናውን የሚያቆመው መሬት ሲረግጥ ብቻ ነው። ጎማው ሲነጥር መሬቱን ይለቃል። መሬት ያልያዘ ጎማ ፍሬኑ ምንም ቢጠብቅ መኪናውን አያቆምም። መሪውም አይታዘዝም። በዚያች አንድ ክንድ ላይ የሕፃኑ ሕይወት ተንጠልጥላ የነበረው ስለዚህ ነው።

እንደ ጥንድ በሬ

ልጁ በማግስቱ መርካቶ አካባቢ ወዳለው ሶማሌ ተራ ሄደ። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት የታወቀ ቦታ ነው። አዲስ አሞርዛተር ገዝቶ ተመለሰ። አባትየው ዕቃውን አዩና «ሁለት ለምን ገዛህ? የሚያፈሰው የቀኙ ነው አላልክም?» አሉ።

«አባባ፣ ብርቱ በሬ ከደካማ በሬ ጋር ቢጠመድ ምን ይሆናል?»

«ትልሙ ይጣመማል። ብርቱው ደካማውን ይጎትተዋል።»

«መኪናም እንደዚሁ ነው» አለ ልጁ። «አንዱ ጎን አዲስ፣ ሌላው ጎን አሮጌ ከሆነ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ልትስብ ትችላለች። የፊት ሁለቱ አብረው ይቀየራሉ።»

የግራና የቀኝ አሞርዛተር ብዙ ጊዜ ይለያያል። ስለዚህ ሲገዛ የመኪናውን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት በትክክል መናገር ይገባል። ከሌላ መኪና የተፈታ አሮጌ አሞርዛተር መግዛት አይበጅም። በርካሽ የተገዛው ራሱ ያለቀ ሊሆን ይችላል።

ዛሬ አሮጌ መኪናን በወጉ መጠበቅ የበለጠ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክላለች። ያሉት መኪናዎች እየተጠገኑ መንዳታቸው አይቀርም። የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ሞላና አሞርዛተር አለው።

ወረቀቱ ምን ይላል?

ልጁ የሚያውቀው አንድ መካኒክ የሥራውን ቅደም ተከተል በደብተር ወረቀት ላይ በአማርኛ ጽፎ ሰጥቶት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ልጁ ወረቀቱን ለአባቱ ሰጠ።

«እኔ ልሥራ፤ እርስዎ ያንብቡልኝ» አላቸው።

አባትየው መነጽራቸውን አደረጉ። ቀስ እያሉ፣ ቃሉን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«አንድ። መኪናውን ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ አቁም። ጭቃ ወይም ቁልቁለት ላይ አትሥራ።

ሁለት። የእጅ ፍሬን ሳብ። በኋላ ጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ አስደግፍ።

ሦስት። ጎማው መሬት እንደረገጠ ዳዶዎቹን ጥቂት አላላ።

አራት። ፊቷን በክሪክ አንሣ።»

ልጁ በክሪክ አነሣ። ጎማውን ፈታ። ከዚያም በጀርባው ተኝቶ ወደ መኪናዋ ሥር ሊገባ ሆነ።

«ቆይ!» አሉ አባትየው። «ገና አልጨረስኩም። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አትግባ ይላል። በብረት ማቆሚያ ላይ አሳርፍ ይላል።»

«ማቆሚያው የለኝም አባባ። ለአንድ አፍታ ነው።»

«ዛፍ ስንቆርጥ ሰው የሚጫነው ለአንድ አፍታ ነው። ተነሥ ከዚያ!»

ልጁ ተነሣ። ማቆሚያ ፍለጋ ወደ ጎረቤት ሄደ። አባትየው ትክክል ነበሩ። ክሪክ የተሠራው ለማንሣት እንጂ ተሸክሞ ለመቆየት አይደለም። ሊንሸራተት ወይም ሊወርድ ይችላል። ብሎኬት መደርደርም ክልክል ነው፤ ብሎኬት በድንገት ይፈረካከሳል። ማቆሚያው የሚገባው ደግሞ ጠንካራው የመኪናው አካል ሥር ነው። ቦታውን የመኪናው መመሪያ ያሳያል። ልጁ ሁለት ማቆሚያ ተውሶ ተመለሰ። ግራና ቀኙን አሳረፈ። በእጁ ነቅነቅ አድርጎ አየ፤ አልተንቀሳቀሰም። የፈታውንም ጎማ ከመኪናዋ ሥር አስተኛው። ምናልባት መኪናዋ ብትወርድ ጎማው ይደግፋታል።

ንባቡ ቀጠለ።

«አምስት። የፍሬኑን ቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦውን ከአሞርዛተሩ ላይ አላቅቅ። አትቁረጥ፣ አትጎትት።

ስድስት። ከታች ያሉት ሁለት ትልልቅ ብሎኖች የነበሩበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርግ። ከዚያ ፍታ። ጎማ የሚሸከመውን ብረት በገመድ እሠር።»

ብሎኖቹ ዝገት ይዟቸው ነበር። ልጁ ግን አስቀድሞ ማታ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ነፍቶባቸው ስለነበር ተፈቱ። ብረቱን በገመድ ማሠር ያስፈለገው ወደ ውጭ ወድቆ የፍሬኑን ቱቦ እንዳይበጥስ ነው።

የመሐሉ ዳዶ

አሁን የቀረው የላዩ ነው። ልጁ የሞተሩን ክዳን ከፈተ። የአሞርዛተሩ ጫፍ እዚያ ይታያል። ዙሪያውን ሦስት ትንንሽ ዳዶዎች አሉ። በመሐል ደግሞ አንድ ትልቅ ዳዶ አለ። ልጁ መፍቻውን በትልቁ ዳዶ ላይ አሳረፈ።

አባትየው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ። «ሰባት። ዙሪያውን ያሉትን ሦስት ዳዶዎች ፍታ። የመሐሉን ዳዶ አትንካ። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።»

ልጁ እጁን መለሰ።

ለምን አይነካም? ትንሽ የቤት መኪና 10 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። ሞተሩ ከፊት ስለሆነ 6 ኩንታል ያህሉ በፊት ጎማዎች ላይ ያርፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ የፊት ሞላ 3 ኩንታል ያህል ይሸከማል። መኪናው ሲነሣ ሞላው ጥቂት ይላላል እንጂ ጨርሶ አይለቅም። በላይኛውና በታችኛው መቀመጫ መካከል ታፍኖ ይቀራል። አፍኖ የያዘው ያ የመሐሉ ዳዶ ነው። ዳዶው ቢፈታ ሞላው እንደ ተወጠረ ደጋን ይፈናጠራል። ፊትና እጅ ይሰብራል፤ ሰውም ይገድላል። የተጠመደ ወጥመድ ነው፤ ግን ሲያዩት ዝም ያለ ብረት ይመስላል።

ልጁ አሞርዛተሩን በአንድ እጁ ደግፎ ሦስቱን ትንንሽ ዳዶዎች ፈታ። አሞርዛተሩ ከነሞላው ወጣ። የግራውንም እንዲሁ አወጣ። አባትየው ወረቀቱን ቀጠሉ።

«ስምንት። ሁለቱንም ወደ ጋራዥ አምጣ። ሞላውን ቤት ውስጥ አትፍታ።»

እዚህ ላይ ነው የቀጥቃጩ ነገር የሚመጣው። አሞርዛተሩን ከመኪና ማውጣትና መልሶ መግጠም ጥንቁቅ ሰው በቤቱ ይሠራዋል። ሞላውን መፍታት ግን የባለሙያ ነው። ጋራዥ ውስጥ መሬት ላይ የታሠረ የሞላ መጭመቂያ አለ። መጭመቂያው ሞላውን አጥብቆ ይይዘዋል። የመሐሉ ዳዶ የሚፈታው ሞላው ከተያዘ በኋላ ነው። አሮጌው አሞርዛተር ይወጣል፤ አዲሱ ይገባል፤ ዳዶው ይጠብቃል። መጭመቂያው ሞላውን የሚለቀው ከዚያ በኋላ ነው። በገመድ ወይም በሽቦ አሥሮ መፍታት በፍጹም አይገባም።

መካኒኩ የላይኛውን የጎማ መቀመጫና ኩሽኔታውንም ተመለከተ። ኩሽኔታ መሪው ሲዞር አሞርዛተሩ በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርግ ዕቃ ነው። የቀኙ አልቆ ስለነበር ተቀየረ። በዚህ ጊዜ ሁሉ አባትየው እቤት ቀርተው ልጆች ወደ ተነሣችው መኪና እንዳይጠጉ ይጠብቁ ነበር።

መልሶ መግጠም

መግጠሙ የመፍታቱ ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ የላዮቹ ሦስት ዳዶዎች በእጅ ይያዛሉ። ከዚያ የታችኞቹ ሁለት ብሎኖች በተደረገላቸው ምልክት ላይ ይገባሉ። የፍሬኑ ቱቦና ሽቦው ሳይጠማዘዙ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ሁሉም ከገባ በኋላ የመኪናው መመሪያ በሚያዘው ልክ ይጠብቃል። ልኩን የሚያሳይ መፍቻ አለ፤ ከጋራዥ መዋስ ይቻላል። ጎማው ይገባል፤ መኪናው ይወርዳል። የጎማው ዳዶዎች ፊት ለፊት እየተሻገሩ ይጠብቃሉ እንጂ በተርታ አይጠብቁም።

አባትየው በወረቀቱ ላይ እያንዳንዱን መሥመር በእርሳስ ምልክት አደረጉበት። መጨረሻ ላይ አንድ መሥመር ምልክት ሳይደረግበት ቀረ። «ከመንዳትህ በፊት ፍሬኑን ደጋግመህ ርገጥ። በቀስታ ሞክር። ከዚያ የጎማውን አሰላለፍ አስለካ» ይላል።

ይህም አስፈላጊ ነው። አሞርዛተር ሲቀየር ጎማዎቹ ጥቂት ሊዛነፉ ይችላሉ። የተዛነፈ ጎማ ቶሎ ያልቃል፤ መኪናውም ወደ ጎን ይስባል። የጎማ አሰላለፍ የሚለካ መሣሪያ ያለበት ቦታ ሄዶ ማስተካከል ይገባል። ጥቂት ቀን ከተነዳ በኋላም ዳዶዎቹ እንዳልላሉ ማየት ያሻል።

ሰኞ ጠዋት አባትየው ወደ አገራቸው ለመመለስ አየር ጤና ላይ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሚኒባሱ ተሳፋሪ ሊያወርድ ፍሬን ሲይዝ አፍንጫው ደፋ አለ። ከዚያም ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ አለ። አባትየው ዝም ብለው ቆጠሩ። ሲወርዱ ወደ ሹፌሩ ዞር አሉ።

«ልጄ» አሉት፣ «የፊት አሞርዛተርህን አሳይ። ሁለቱንም። የመሐሉን ዳዶ ግን ራስህ እንዳትፈታው።»

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሞላ ምን ይሠራል? አሞርዛተርስ?
2. ያረጀ አሞርዛተር ያለው መኪና ቶሎ የማይቆመው ለምንድነው?
3. የፊት ሁለቱ አሞርዛተሮች አብረው የሚቀየሩት ለምንድነው?
4. በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ምን አደጋ አለው?
5. የመሐሉ ዳዶ ቤት ውስጥ የማይፈታው ለምንድነው?
6. እናንተ ከምትሠሩት ሥራ ውስጥ ራሳችሁ የምትሠሩት የቱን ነው? ለባለሙያ የምትሰጡትስ የቱን ነው? ምክንያቱን ተወያዩበት።